ከባቡር ሪፖርት የተማርነው ኃላፊ ጊዜ

አባቴ የምድር ባቡር ጸሐፊ ስለነበር ፈረንሳይኛ ቤታችን የገባው እኔ ትምህርት ቤት ሳልገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ መዘርጋት ጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የ784 ኪሎ ሜትር መስመር የሥራ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ነበር። አባቴ ሰዋስው ያጠናው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአደጋ ሪፖርት ነው።

ሪፖርት ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ምን እየሆነ ነበር? ምን ሆነ? «ባቡሩ ቀስ ብሎ ይሄድ ነበር፤ ግመል ሃዲዱ ላይ ገባ።» ሁለቱም ግሦች ያለፈ ነገር ይናገራሉ፤ ግን «ይሄድ ነበር» ሁኔታውን ይዘረጋል፣ «ገባ» ድርጊቱን ይቆርጣል። ሁለቱን ያቀያየረ ጸሐፊ ጥፋቱን ከግመሉ አንሥቶ ነጂው ላይ ሊጭን ይችላል።

ዛሬ እኔ ጅቡቲ ውስጥ፣ ሰዉ አሁንም ምኒልክ ከሚለው አደባባይ አጠገብ፣ ማታ ማታ ቋንቋ አስተምራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ የአውሮፓ ኅብረት የባሕር ላይ ወንበዴዎችን ለመከላከል አታላንታ የተባለውን ተልእኮ ከጀመረ ወዲህ የስፔን ቃኚ አውሮፕላኖች ጅቡቲ ይቀመጣሉ። ከስፔኖች ጋር የሚሠሩ ልጆች ስፓኒሽ አስተምሪን ሲሉኝ የጀመርኩት በአባቴ ግመል ነው፤ «ኤል ትሬን ኢባ ዴስፓስዮ ኩዋንዶ ኤንትሮ ኡን ካሜዮ።» «ኢባ» ይሄድ ነበር፣ «ኤንትሮ» ገባ ነው። ፈረንሳይኛ «አሪቬ» ሲል ደረሰም ይደርስ ነበርም በጆሮ አንድ ሊመስል ይችላል፤ የሚለየው ረዳት ግሡ ነው። ስፓኒሽ ግን «ዬጎ» እና «ዬጋባ» ብሎ ልዩነቱን ያሰማል። ባለቤቱም እንደ አማርኛ በግሡ ውስጥ ስላለ «እሱ» ማለት አያስፈልግም። እኛ ግሡን መጨረሻ ስናስቀምጥ ስፓኒሽ መሐል ያደርገዋል፤ ግመሉም ከ«ኤንትሮ» በኋላ መምጣቱ ተማሪዎቼን መጀመሪያ ግራ ያጋባቸዋል።

ብዙ ጊዜ የሚወስድብን ድምፅ ነው። «ዬጎ» አጽንዖቱ መጀመሪያው ላይ ሲያርፍ «እደርሳለሁ»፣ መጨረሻው ላይ ሲያርፍ «ደረሰ» ይሆናል። የአማርኛ ጆሮ እንዲህ ያለውን አጽንዖት አልለመደም። የለመደው ተነባቢ ሲጠብቅና ሲላላ ነው፤ «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ነው። እኛ ይህን በጽሑፍ አናሳይም፤ ስፔኖች ግን «ደረሰ» ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ተማሪዎቼ ያንን ምልክት ሳይጽፉ ያመጡትን ደብተር አልቀበልም።