የኬሎው ዘብ፤ ስለ ማዘዝና ስለ መታዘዝ

አዛዥና ታዛዥ የሌለበት አገር የለም። ወታደር ካልታዘዘ ጦሩ ጦር መሆኑ ቀርቶ መሣሪያ የያዘ ግርግር ይሆናል። ይህን ሁሉ ሰው ያውቀዋል፤ ስለ ታዛዥ ግዴታም ብዙ ተነግሯል። ነገር ግን አዛዡ ለታዛዡ ምን ዕዳ እንዳለበት፣ «ስለ አንተ ልሙት» ብሎ የቆመለትንም ሰው እንዴት አድርጎ ሊይዘው እንደሚገባ የሚናገር ጥቂት ነው። ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ይህን ለመመርመር ከከፋ ታሪክ እንነሣ።

የከፋ መንግሥት ቦንጋንና አንደራቻን መናገሻ አድርጎ ብዙ መቶ ዓመት የኖረ መንግሥት ነበር። ንጉሡ «ታቶ» ይባላል። በአገራችን «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚል ተረት ቢኖርም፣ የከፋው ታቶ እንዳሻው የሚያዝ አልነበረም፤ ሚክሬቾ የሚባሉ መማክርት በአጠገቡ ነበሩ። ንጉሥ ሲሞት ከልጆቹ መካከል ለዙፋኑ የሚገባውን የሚመርጡ፣ በመንግሥቱም ታላላቅ ጉዳይ የሚመክሩ እነርሱ ናቸው። ስለዚህ በከፋ ትእዛዝ ማለት የአንድ ሰው ቍጣ ሳይሆን ምክር ያለፈበት ቃል ነበር። የሚያስከብር ትእዛዝም እንዲህ ያለው ነው።

አገሩ በጥልቅ ጕድጓድና በአጥር የተከበበ ነበር። መግቢያው ኬሎ የሚባለው በር ነው፤ መንገደኛም ሆነ ነጋዴ ከኬሎው ቆሞ ፈቃድ ሳያገኝ አያልፍም። በዚህ በር ዘብ ሆነው ይቆሙ ከነበሩት ሰዎች መካከል ማንጆዎች ይገኙ ነበር። ማንጆዎች በዱር አደን የሚኖሩ፣ እንጨትና ከሰል የሚያቀርቡ፣ ጫካውን እንደ እጃቸው መዳፍ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ጠላት በሌሊት ቢመጣ መጀመሪያ የሚያየው ማንጆው ነው፤ መጀመሪያ የሚወድቀውም እርሱ ነው።

እንግዲህ ይህ የመንግሥቱ ዘብ በመንግሥቱ ውስጥ ምን ክብር ነበረው? የጕሬዛና የዱር አሳማ ሥጋ ይበላል ተብሎ ይናቅ ነበር። ከሌላው ከፊቾ ቤት አይገባም፤ ከእርሱ ጋር ማዕድ የሚቈርስ፣ ልጁንም የሚድርለት አልነበረም። በመንገድ ሲገናኝ የሚያቀርበው ሰላምታ ትርጕሙ «ስለ እርስዎ ልሙት» የሚል ነበር። ይህን ቃል አስተውለው። እንዲህ ያለው ቃል የወታደር መሐላ ነው፤ የሚሰማው ሰው ግን እንደ ተራ የእጅ መንሻ ይቀበለውና መንገዱን ይቀጥላል። ሞቱን ይፈልገዋል፤ ወንበሩን ግን አይሰጠውም።

በ1889 ዓ.ም. የዐፄ ምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ አዛዥነት ወደ ከፋ ዘመተ። የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በጫካ እየተሸሸገ ብዙ ወር ከታገለ በኋላ በ1890 ዓ.ም. መግቢያ ተማረከ፤ ከሃያ ዓመት በላይም በግዞት ኖሮ፣ ዙፋኑን ሳያገኝ ዐረፈ። መንግሥቱ የወደቀው ማንጆን ስለ ናቀ ነው ብል ታሪክን ማጣመም ይሆንብኛል፤ የመጣበት ጦር በቍጥርም በጠመንጃም ይበልጠው ነበር። የሚያስደንቀው ሌላ ነው። ጕድጓዱ ተሻገሩት፣ ኬሎው ተከፈተ፣ ዙፋኑ ፈረሰ፤ በማንጆውና በጎረቤቱ መካከል የነበረው አጥር ግን አልፈረሰም። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ሲወጣ ማንጆዎች የገበሬ ማኅበር አባል ሆነው መሬት ያዙ፤ ዐዋጁ ግን እርሻ እንጂ የጎረቤት ማዕድ ሊሰጣቸው አልቻለም። ንቀቱ ከዚያም በኋላ ቀጥሏል።

ይህ የከፋ ብቻ ኀጢአት አይምሰልህ። በ1943 ዓ.ም. ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣው የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ሄዶ ከአሜሪካ ሰባተኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰለፈ። የኢትዮጵያ ልጆች በዚያ ሲዋጉ አንድም ምርኮኛ ለጠላት ሳይሰጡ ተመልሰዋል። በዚያው ጊዜ የአሜሪካ ጦር ራሱ ጥቍር ወታደሩን ከነጩ ለይቶ የማሰለፍን ልማድ ገና በመተው ላይ ነበር። ፕሬዚዳንት ትሩማን የእኩልነቱን ትእዛዝ የፈረሙት በሐምሌ 1940 ዓ.ም. ነው፤ ከጦር አለቆች ብዙዎቹ «የጦሩ አንድነት ይፈርሳል» እያሉ አዘግይተውት ነበር። ትእዛዙ በምድር ጦሩ ውስጥ በእውነት የተፈጸመው በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ነው። በአንድ ጕድጓድ ውስጥ ጥይት ሲዘንብ የቆዳ ቀለም የሚጠይቅ አልተገኘም።

ዘመን አልፎ በ1985 ዓ.ም. ሌላ ክርክር ተነሣ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን የራሳቸውን ጾታ የሚያፈቅሩ ሰዎች በጦሩ ውስጥ እንዳያገለግሉ የሚከለክለውን ደንብ ለማንሣት አሰቡ። የጦር አለቆችና የምክር ቤት አባሎች ተቃወሙ። የኤታማዦሮች ሹም የነበሩት ጥቍሩ ጄኔራል ኮሊን ፓወል የዘር ነገርና ይህ ነገር አንድ አይደለም ብለው ተከራከሩ። በመጨረሻ «አትጠይቅ፣ አትናገር» የተባለ የስምምነት ሕግ ወጣ። ወታደሩ ስለ ራሱ ዝም እስካለ ይቈያል፤ ከታወቀ ይባረራል። በዚህ ሕግ ከ13,000 የሚበልጡ ወታደሮች ተሰናበቱ፤ ከነርሱም ብዙዎቹ በሥራቸው እንከን ያልተገኘባቸው ነበሩ። ሕጉ እንዲሻር ፕሬዚዳንት ኦባማ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. ፈረሙ፤ መሻሩም በመስከረም 2004 ዓ.ም. ጸና። ፓወልም አስቀድመው ሐሳባቸውን ለውጠው መሻሩን ደግፈው ነበር። ትእዛዙ ሲመጣ ጦሩ ታዘዘ፤ ይፈርሳል የተባለውም አንድነት አልፈረሰም።

በአገራችን ሕግ እንዲህ ያለው ግንኙነት እስከ ዛሬ በወንጀል ያስቀጣል፤ ብዙው ሰውም በሃይማኖቱ ይነቅፈዋል። የማንጆው፣ የጥቍሩ አሜሪካዊና የእነዚህ ወታደሮች ነገር በሁሉ አንድ ነው አልልም። አንዱ በሙያውና በትውልዱ፣ ሁለተኛው በቆዳው፣ ሦስተኛው በልቡ ምክንያት የተገለለ ነው። ነገር ግን ሦስቱም አንድ ጥያቄ ይጠይቁናል። ሌሊቱን ሙሉ በርህን ጠብቆ ያደረ ሰው ሲነጋ «አንተ ማን ነህ?» ሊባል ይገባዋልን? እኔ አይገባም እላለሁ። ዘብ የሚመዘነው በቆመበት ስፍራ ነቅቶ በመገኘቱ ነው።

«ወታደር ልቡ ያልተቀበለውን እንዴት ይታዘዛል?» የሚል ይኖራል። መልሱ እንዲህ ነው። ምክር በሚጠየቅበት ጊዜ ያለ ፍርሀት መናገር የጨዋ መኰንን ሥራ ነው፤ ሕጋዊው ትእዛዝ ከወጣ በኋላ ግን ማጕረምረምን ትቶ መፈጸም ግዴታው ነው። እንቢ ማለት የሚገባው ንጹሕ ሰው ግደል፣ የተማረከውን አሠቃይ ሲባል ነው። ከማትወደው ሰው ጐን ቁም መባል ግን ኅሊናን አይገድልም፤ ትዕቢትን ብቻ ይገድላል። ብዙ ሰው ንቀቱን «ኅሊናዬ» ብሎ ይጠራዋልና ሁለቱን ለይተህ እወቅ።

ወጣት ሆይ፤ አንድ ቀን አዛዥ ትሆን ይሆናል፤ በጦር ባይሆን በመሥሪያ ቤት፣ በመሥሪያ ቤት ባይሆን በቤትህ። የሹም ቃል በአንድ ቀን በር ያስከፍታል። ማዕድ ግን በዐዋጅ አይቈረስም፤ ያ የእያንዳንዱ ሰው ሥራ ነው። ዛሬ በቦንጋ ገበያ ወይም በመንደርህ መንገድ አጎንብሶ ሰላም የሚልህ ሰው ቢያጋጥምህ፣ አያቱ ለአያትህ በር ዘብ ቆሞ እንደ ነበር አስብ። ቀና እንዲል ጠይቀው፤ ከዚያም ወደ ቤትህ አስገባው።