ደብረ ዘይት፦ የጌታችን ዳግም ምጽአትና የምእመናን ዝግጅት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የዐቢይ ጾም አምስተኛው እሑድ ደብረ ዘይት ይባላል። ከዘወረደ፣ ከቅድስት፣ ከምኵራብና ከመጻጕዕ ቀጥሎ የሚውል ሲሆን፣ የ55ቱ ቀን ጾም የሚጋመስበት በመሆኑ «እኩለ ጾም» ተብሎም ይጠራል። ቅድስት ቤተ ክርስቲያን በዚህ ዕለት የጌታችንን የመድኃኒታችንን የኢየሱስ ክርስቶስን ዳግም ምጽአት፣ የሙታንን ትንሣኤና የመጨረሻውን ፍርድ ታስባለች፤ ልጆቿም ተዘጋጅተው እንዲጠብቁ ታስተምራለች።

ስያሜው

ደብረ ዘይት የወይራ ዛፍ የበዛበት ተራራ ማለት ነው። ተራራው ከኢየሩሳሌም በስተምሥራቅ፣ ከቄድሮን ሸለቆ ማዶ ይገኛል። ጌታችን ቀን በመቅደስ ሲያስተምር ውሎ ሌሊቱን በዚህ ተራራ ያድር ነበር (ሉቃ. 21፥37)። ወደ ሰማይ ያረገውም ከዚሁ ነው፤ ባረገበት አኳኋን ተመልሶ እንደሚመጣ መላእክት ለሐዋርያት የነገሯቸውም በዚያው ስፍራ ነበር (ሐዋ. 1፥11-12)።

ደቀ መዛሙርቱ የመቅደሱን ሕንፃ ባሳዩት ጊዜ አንድም ድንጋይ ሳይፈርስ እንደማይቀር ነገራቸው። በተራራው ተቀምጦ ሳለም ቀርበው ይህ የሚሆንበትን ጊዜ፣ የመምጣቱንና የዓለምን ፍጻሜ ምልክት ጠየቁት (ማቴ. 24፥1-3)። መቅደሱ በ70 ዓ.ም. በሮማውያን እጅ ፈረሰ። ስለ መቅደሱ የተናገረው እንደ ተፈጸመ ሁሉ ስለ ምጽአቱ የተናገረውም ይፈጸማል።

የዕለቱ ምንባባት

በዕለቱ የሚቀደሰው ቅዳሴ አትናቴዎስ ነው። ምስባኩ ከመዝሙር 49፥2-3 ሲሆን የእግዚአብሔርን በግልጥ መምጣት ይናገራል፤ ወንጌሉም ማቴ. 24፥1-36 ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ስላንቀላፉት የሚያዝኑትን በትንሣኤ ተስፋ ያጽናናል (1ኛ ተሰ. 4፥13-18)። ቅዱስ ጴጥሮስ ደግሞ የጌታ መዘግየት ቸልታ ሳይሆን ሁሉ ለንስሐ እንዲበቃ የተሰጠ ትዕግሥት መሆኑን ያስረዳል (2ኛ ጴጥ. 3፥7-15)። ከሐዋርያት ሥራ የሚነበበው ክፍል (24፥1-22) ቅዱስ ጳውሎስ በአገረ ገዢው በፊልክስ ፊት ቆሞ የጻድቃንንና የኃጥኣንን ትንሣኤ ሲመሰክር ያሳየናል።

ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ሁለት ስሕተቶች

የመጀመሪያው ቀን መቍጠር ነው። ጦርነት በተሰማ፣ ምድር በተናወጠች ቍጥር «ዕለቱ ይህ ነው» የሚሉ ይነሣሉ፤ ብዙዎችም ይሸበራሉ። ጌታችን ግን ይህን ሁሉ አስቀድሞ ሲነግረን እንዳንደነግጥና ማንም እንዳያስተን አስጠንቅቆናል። ያቺን ቀን የሚናገር ሰው ከመድኃኒታችን ትምህርት ወጥቷል (ማቴ. 24፥36)። ምልክቶቹ የተሰጡን እንድንነቃ እንጂ ዘመን እንድናሰላ አይደለም።

ሁለተኛው ቀጠሮ መስጠት ነው፤ ከመጀመሪያው ይልቅ ብዙዎቻችንን የሚይዘን ይህ ነው። ከዕለቱ ምንባብ ጥቂት አለፍ ብለን ብናነብ፣ ፊልክስ ስለ ጽድቅ፣ ራስን ስለ መግዛትና ስለሚመጣው ፍርድ በሰማ ጊዜ እንደ ፈራ፣ ነገር ግን ጳውሎስን ሌላ ጊዜ ሲመቸው ሊያስጠራው እንዳሰናበተው እናገኛለን (ሐዋ. 24፥25)። ትምህርቱን አልካደም፤ ልቡም ነክቶት ነበር። የጐዳው ነገን መቅጠሩ ነው። እኛም ንስሐና ቅዱስ ቍርባን ለሕፃናትና ለአረጋውያን ብቻ የተሰጡ ይመስል፣ «ትዳር ስይዝ»፣ «ሥራዬ ሲደላደል»፣ «ልጆቼን ሳደርስ» እያልን ስንት ዐቢይ ጾም አሳለፍን? የዓለም ፍጻሜ ቢዘገይ እንኳ የእያንዳንዳችን ዕለተ ሞት አይታወቅም፤ ከሞት በኋላም ንስሐ የለም።

ዝግጅታችን ምን ይሁን?

የዐሥሩ ደናግል ምሳሌ የተነገረው በዚሁ በደብረ ዘይት ትምህርት ውስጥ ነው (ማቴ. 25፥1-13)። አምስቱም ሰነፎች መብራት ይዘው ወጥተው ነበር፤ የጐደላቸው ዘይት ነው። ሃይማኖት ያለ ምግባር እንዲሁ ነው።

ስለዚህ አስቀድመን ወደ ንስሐ አባታችን እንቅረብ፤ የተሰጠንን ቀኖና ፈጽመን ቅዱስ ሥጋውንና ክቡር ደሙን እንቀበል። ከዚያ ጋር የሰው ገንዘብ ካለብን እንመልስ፤ የቤት ሠራተኛችንን ደመወዝ ይዘን፣ ከወንድማችን ጋር ተኳርፈን ጾመናል ማለት ራስን ማታለል ነው። ደግሞም ጌታችን በፍርድ ቀን የሚጠይቀን የተራበውን ስለ ማብላት፣ የተጠማውን ስለ ማጠጣት፣ እንግዳውን ስለ መቀበል፣ የታረዘውን ስለ ማልበስ፣ የታመመውንና የታሰረውን ስለ መጠየቅ ነው (ማቴ. 25፥31-46)። ይህን ለማድረግ ባለጠግነት አያስፈልግም፤ የታመመ ጎረቤትን መጠየቅ የማይችል ማን አለ?

ቤተ ክርስቲያን ከደብረ ዘይት ቀጥሎ ያለውን እሑድ ገብር ኄር ብላ በተቀበለው መክሊት ያተረፈውን ታማኝ አገልጋይ ማሰቧም ይህንኑ ያስገነዝበናል፤ ጌታውን የሚጠብቅ አገልጋይ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም።

ጸሎተ ሃይማኖት በደገምን ቍጥር ዳግም በክብር እንደሚመጣ እንመሰክራለን። በቅዳሴም ዲያቆኑ ወደ ምሥራቅ እንድንመለከት ያዛል፤ ይህም መብረቅ ከምሥራቅ ወጥቶ እንደሚታይ ምጽአቱም እንዲሁ መሆኑን (ማቴ. 24፥27) ያሳስበናል። ፊታችንን እንደምንመልስ ልባችንንም እንመልስ። የምንጠብቀው ፈራጅ ስለ እኛ የተሰቀለው መድኃኒታችን ነውና፣ ዛሬ በንስሐ የቀረበ ያን ቀን በደስታ ይቀበለዋል።

በቀኙ ከሚቆሙት ይደምረን፤ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።