የ«ኢቭ» ሕክምና መቼ ተፈጸመ?

ቲግፔንና ክሌክሊ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሐኪሞች በጆርጂያ ግዛት፣ በኦጋስታ ከተማ ያከሟትን ሴት ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1954 በሳይንስ መጽሔት አወጡ፤ ስሟንም ሰውረው «ኢቭ» አሏት። ሴትዮዋ በብርቱ ራስ ምታት ትሠቃይ፣ ያደረገችውንም ትረሳ ነበር። በሕክምናው መካከል በአንዲቱ ሴት ሦስት ልዩ ልዩ ማንነቶች ተገለጡ። በ1957 መጽሐፉም ፊልሙም ሲወጡ ሕዝቡ ድናለች ብሎ አመነ።

ነገር ግን ኢቭ የተባለችው ክሪስ ሳይዝሞር በ1977 በእውነተኛ ስሟ መጽሐፍ አሳትማ፣ ከ20 የሚበልጡ ማንነቶች እንደተፈራረቁባትና ሕክምናዋም በሌሎች ሐኪሞች ዘንድ ብዙ ዓመት እንደቀጠለ ገለጠች። እንደ እኔ አስተያየት ሐኪሞቹ ማስተዋሉን አስተውለዋል፤ ለመደምደም ግን ቸኩለዋል። የፊልም ተመልካችን የሚማርከው የጠባይ መለዋወጥ ቢሆንም፣ ዛሬ ለምርመራው ከሚፈለጉት ምልክቶች አንዱ ያ ችላ የተባለው ዝንጋታ ነው፤ ሕክምናውም በንግግር፣ በዝግታ፣ ብዙ ጊዜም ለዓመታት ይካሄዳል።