ሽጉጡ፣ ሕጉና የሕጉ ምክንያት

በጥር ወር 1909 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከለንደን በስተሰሜን በምትገኘው በቶተንሃም ሁለት የላትቪያ ስደተኞች የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞችን ደመወዝ ዘርፈው ሸሹ። ሽጉጥ ይዘዋል፤ እየተኮሱ ይሮጣሉ። የሚያሳድዷቸው ፖሊሶች ግን አብዛኞቹ መሣሪያ አልነበራቸውም። ታዲያ ምን አደረጉ? ከመንገደኛው ሽጉጥ ተዋሱ። በዚያን ዘመን የለንደን ሰው ሽጉጡን በኪሱ ይዞ ወደ ሥራው መሄዱ ማንንም የሚያስደንቅ ነገር አልነበረም። በዕለቱ አንድ ፖሊስና አንድ የ10 ዓመት ልጅ ተገደሉ፤ ዘራፊዎቹም ሁለቱም ለፍርድ ሳይቀርቡ ሞቱ። ከ88 ዓመት በኋላ በ1997 የዚያው አገር ምክር ቤት ማንኛውም ግለሰብ ሽጉጥ እንዳይዝ የሚከለክል ሕግ አወጣ። በእነዚህ ሁለት ዘመናት መካከል የተደረገው ክርክር ስለ ሽጉጥ ብቻ የተደረገ አልነበረም። መንግሥት ሕዝቡን ሲፈራ የሚያወጣው ሕግና ሕዝብ አዝኖ የሚያስወጣው ሕግ ምን ያህል እንደሚለያዩ የሚያሳይ ታሪክ ስለሆነ በዝርዝር መመልከቱ ይጠቅማል።

በእንግሊዝ መሣሪያ መያዝ የቆየ መብት ነበር። በ1689 የወጣው የመብቶች ሕግ ፕሮቴስታንት የሆኑ ዜጎች እንደ ማዕረጋቸውና ሕግ በፈቀደው መጠን ለመከላከያቸው መሣሪያ መያዝ እንደሚችሉ ደነገገ። ሃይማኖትና ማዕረግ እዚህ ላይ ለምን እንደገቡ አንባቢ ልብ ይበል፤ ድሃውና ካቶሊኩ ከመጀመሪያውም የታሰቡ አልነበሩም። በ1870 ከቤት ውጭ መሣሪያ የሚይዝ ሰው 10 ሽልንግ ከፍሎ ፈቃድ እንዲያወጣ ታዘዘ፤ ይህ ገቢ መሰብሰቢያ እንጂ መቆጣጠሪያ አልነበረም። በ1903 ስለ ሽጉጥ የወጣው ሕግም ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች፣ ለሰካራምና ለአእምሮ በሽተኛ እንዳይሸጥ ከመከልከል ብዙም አላለፈም።

ነገሩን የለወጠው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ በሚሊዮን የሚቆጠር ተኩስ የለመደ ወታደር ወደ ሥራ አጥነት ተመለሰ። በሩሲያ ዛሩ ወድቋል። በአየርላንድ ነፃነት ፈላጊዎች መሣሪያ አንሥተዋል። በጥር መጨረሻ 1919 በግላስጎ ከተማ የሥራ ሰዓት እንዲቀነስላቸው የጠየቁ ሠራተኞች በጆርጅ አደባባይ ከፖሊስ ጋር ተጋጩ፤ መንግሥትም ወታደርና ታንክ ወደ ከተማይቱ ላከ። እንግዲህ የ1920ው የጦር መሣሪያ ሕግ የተረቀቀው በዚህ ጭንቀት መካከል ነው።

የእኔ ሙያ ተውኔት መጻፍ ስለሆነ በዚህ ሕግ አወጣጥ ላይ በጣም የሚስበኝ ከመጋረጃው በስተኋላ የተባለውና በመድረኩ ላይ የተባለው ነው። በየካቲት 2 ቀን 1920 ሚኒስትሮቹ በዝግ ተሰብስበው ምናልባት ሊነሣ ስለሚችለው አመፅ ተመካከሩ። የወግ አጥባቂዎቹ መሪ ቦናር ሎው መሣሪያው ሁሉ ለመንግሥት ወዳጆች ለመታደል ዝግጁ መሆን አለበት የሚል ሐሳብ ማቅረባቸው በስብሰባው ላይ ከነበሩት ባለሥልጣን የግል ማስታወሻ ይታወቃል። ከአራት ወር በኋላ ግን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኤድዋርድ ሾርት ረቂቁን ለምክር ቤት ሲያቀርቡ ዓላማው ወንጀለኞችና አእምሯቸው ያልጸና ሰዎች መሣሪያ እንዳያገኙ ለማድረግ ነው አሉ። ስለ ሠራተኛው፣ ስለ ግላስጎ፣ ስለ መንግሥት ወዳጆች ትንፍሽ አላሉም። ኬንዎርዚ የተባሉ አንድ የባሕር ኃይል መኮንን የነበሩ እንደራሴ መሣሪያ መያዝ እንግሊዛዊ በቅናት ሲጠብቀው የኖረ መብት መሆኑን አስታውሰው ተቃወሙ፤ የሰማቸው አልነበረም። ረቂቁ በ254 ድምፅ ድጋፍ በ6 ተቃውሞ አለፈ።

ሕጉ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ባዕድ ያልሆነ ሌላ ገጽም አለው። ከጦርነቱ በኋላ በየመጋዘኑ የተከመረው ትርፍ መሣሪያ ወዴት ይሂድ የሚለውን ጥያቄ እንዲያጠና በሰር ኧርንሊ ብላክዌል ሰብሳቢነት በ1918 የተቋቋመው ኮሚቴ በአንድ በኩል የአገር ቤቱን ሠራተኛ፣ በሌላ በኩል የቅኝ ግዛቱን ሕዝብ እያየ ነበር የሚመክረው። በመስከረም 1919 በሴን ዠርሜን የተፈረመው የመሣሪያ ንግድ ውል ከአልጄሪያ፣ ከሊቢያና ከደቡብ አፍሪካ ኅብረት በቀር መላውን አፍሪካ መሣሪያ እንዳይገባበት በተከለከለው ክልል ውስጥ አገባ። ነፃይቱ ኢትዮጵያም በዚሁ ክልል ውስጥ ተቆጠረች! በ1923 ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ የዚህን ውል መርሆዎች እንደምታከብር ቃል እንድትገባ ተደረገ። በነሐሴ 1930 በፓሪስ ከብሪታንያ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር በተፈረመው ሌላ ውል መሣሪያ የማስገባት መብቷ ከነገደቡ ታወቀላት። በ1935 ግን ፋሺስት ጣሊያን በድንበሯ ላይ ጦር ሲያከማች ብሪታንያ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከለች። አንደኛው ወገን የራሱ የመሣሪያ ፋብሪካ ነበረው፤ ሌላው አልነበረውም። በጥቅምት ወር ወረራው ከተጀመረ በኋላ በኢትዮጵያ ላይ የነበረው እገዳ ተነሣ፤ ጊዜው ግን አልፏል። መሣሪያ መከልከል ሁልጊዜ የሰላም ሥራ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ምዕራፍ ሊያነቡት ይገባል።

የ1920ው ሕግ ፈቃድ የመስጠቱን ሥልጣን በየአውራጃው ላለው የፖሊስ አዛዥ ሰጠው። ጠያቂው በቂ ምክንያት እንዳለውና ለሕዝብ ጸጥታ አደጋ እንደማይሆን የሚመዝነው አዛዡ ነው። መጀመሪያ ላይ ቤቴንና ራሴን ልጠብቅበት ማለት በቂ ምክንያት ነበር። ከዓመት ወደ ዓመት ግን የሚኒስቴሩ መመሪያ እየጠበበ ሄደ፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ ራስን መከላከል እንደ ምክንያት መቆጠሩ ጨርሶ ቀረ። ስለዚህ በ1990ዎቹ በብሪታንያ ሽጉጥ ከነበራቸው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የሚበዙት በክበብ ተሰባስበው ዒላማ የሚመቱ ስፖርተኞች ነበሩ። የአሜሪካንን ክርክር ሰምቶ የብሪታንያውንም እንደዚያ የሚገምት ሰው ይሳሳታል። በብሪታንያ ማንም ሽጉጤ ከሌባ ያድነኛል ብሎ አልተከራከረም፤ ክርክሩ በስፖርትና በሕይወት መካከል ነበር።

ከዚያ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ ተሰምቶ ነበር። በነሐሴ 1987 በሀንገርፎርድ ከተማ አንድ ሰው በሕጋዊ ፈቃድ በያዘው መሣሪያ 16 ሰው ገደለ። ሰውየው ጠመንጃም ሽጉጥም ይዞ ነበር። በ1988 የወጣው ሕግ ግን እየደጋገመ የሚተኩሰውን ጠመንጃ ሲከለክል ሽጉጡን ሳይነካ አለፈው።

በመጋቢት 13 ቀን 1996 ጧት፣ ከግላስጎ በሰሜን ምሥራቅ ብዙም በማትርቀው በትንሺቱ የስኮትላንድ ከተማ በደንብሌን፣ አንድ ሰው አራት ሽጉጥ ታጥቆ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ። በስፖርት አዳራሹ ውስጥ የአምስትና የስድስት ዓመት ሕፃናት ነበሩ። በሦስትና በአራት ደቂቃ ውስጥ ከመቶ ጥይት በላይ ተኮሰ። 16 ልጆችና አስተማሪያቸው ሞቱ፤ ከዚያም ገዳዩ ራሱን ገደለ።

ሽጉጦቹ ሕጋዊ ነበሩ። ሰውየው ከ1977 ጀምሮ ፈቃድ ነበረው፤ ፈቃዱም በየጊዜው ታድሶለታል። ከልጆች ጋር ስላለው አኳኋን ወላጆች ያቀረቡት አቤቱታ በፖሊስ ዘንድ ይታወቅ ነበር፤ በ1991 አንድ መርማሪ ፖሊስ ይህ ሰው ፈቃድ መያዙ እንደገና እንዲታሰብበት በጽሑፍ አሳስቦ ነበር። ከበላይ ያለው ግን ምንም አላደረገም። እዚህ ላይ የራሴን ፍርድ ልስጥ። በ1920 የተሠራው ማጣሪያ አደገኛ የሚለውን ሰው የሚፈልገው በአድማ ሰልፍ ውስጥ ነበር። ወረቀቱ የተሟላ፣ የክበብ አባልነቱ የተመሰከረለት፣ ክፍያውን በጊዜው የሚፈጽም ሰው ሲመጣ ማጣሪያው እንዴት እንደሚይዘው አያውቅም። ለ76 ዓመት የተጠየቀው ጥያቄ ስለ መንግሥት ጸጥታ እንጂ ስለ ሕፃናት አልነበረም። በአገራችንም በ2020 የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ለማን ፈቃድ ይሰጥ፣ በምን መመዘኛ የሚለውን ስለሚደነግግ ይህ ጥያቄ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ከሐዘኑ በኋላ የደንብሌን አካባቢ እናቶችና የሟቾቹ ቤተሰቦች ወዳጆች አቤቱታ ጻፉ። ስሙን ስኖውድሮፕ አሉት፤ ልጆቹ በሞቱበት ወር ያበበች አንዲት ትንሽ ነጭ አበባ ናት። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ700,000 በላይ ፊርማ ተሰበሰበ። ጥያቄው አንድ ነበር፤ ሽጉጥ በግለሰብ እጅ አይኑር።

ስፖርተኞቹም ዝም አላሉም፤ ቃላቸውም በንቀት የሚታለፍ አይደለም። እኛ ማንን ገደልን? አንድ ሰው ባጠፋ፣ ፖሊስም ሥራውን ባልሠራ፣ ሕግ አክብሮ የኖረ ሁሉ ስለምን ይቀጣል? አሉ። ይህ የሕግ ሰው ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ ነው። የንግሥቲቱ ባለቤት የኤዲንብራው መስፍን ግን በታኅሣሥ 1996 በራዲዮ ቀርበው አንድ ሰው በክሪኬት ዱላ ልጆችን ቢጨፈጭፍ የክሪኬት ዱላ ሊከለከል ነው ወይ ብለው ሲጠይቁ ያንን ጥሩ ክርክር አበላሹት። በዱላ መቶ ጊዜ በአራት ደቂቃ መምታት አይቻልምና፣ የልጆቹ ወላጆች መልስ ለመፈለግ ብዙ አልተቸገሩም።

ጉዳዩን የመረመሩት ዳኛ ሎርድ ካለን በጥቅምት 1996 ባወጡት ሪፖርት ፈጽሞ ይከልከል አላሉም። ሽጉጡ ከክበብ ውጭ እንዳይሠራ ዋና አካሉ እንዲወልቅ፣ ይህ የማይቻል ከሆነ ደግሞ ደጋግሞ የሚተኩስ ሽጉጥ በግለሰብ መያዙ እንዲከለከል የሚል አማራጭ አቀረቡ። የጆን ሜጀር መንግሥት ከዚያ አልፎ ሄደ። በየካቲት 1997 የወጣው ሕግ ከ22 ካሊበር በላይ ያለውን ሽጉጥ ሁሉ ከለከለ፤ ትንሹን በክበብ ውስጥ እንዲቆለፍ ፈቀደ። በግንቦት ቶኒ ብሌር ሥልጣን ሲይዙ፣ እንደራሴዎቹ ከፓርቲ ትእዛዝ ነፃ ሆነው በሰጡት ድምፅ፣ ትንሹም ተጨመረ። ወደ 162,000 ሽጉጥ ካሣ እየተከፈለበት ለፖሊስ ተመለሰ። ከ1946 በፊት ከጠላት የተማረከ ሽጉጥ ግን ለባለቤቱ እንዲቀርለት ተደረገ፤ አባቱ ከሰሜን አፍሪካ ወይም ከጀርመን ያመጣውን ምርኮ ከልጁ እጅ መቀማት ለሕግ አውጪዎቹም ከብዷቸው መሆን አለበት።

ተቃዋሚዎቹ የሚያነሡት አንድ እውነት አለ። በእንግሊዝና በዌልስ በሽጉጥ የሚሠራው ወንጀል ከክልከላው በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ጨመረ እንጂ አልቀነሰም፤ የቀነሰው ዘግይቶ ነው። የመንገዱ ወንበዴ ሽጉጡን ከክበብ አባል አይገዛም። ግን ሕጉ የተጠየቀው ለዚያ አልነበረም። የተጠየቀው በፈቃድ የተያዘ ሽጉጥ ዳግመኛ ወደ ትምህርት ቤት እንዳይገባ ነው፤ በዚህ ከተመዘነ ከ1996 ወዲህ በብሪታንያ ትምህርት ቤት የደንብሌን ዓይነት እልቂት አልተደገመም። በ2010 በከምብሪያ 12 ሰው፣ በ2021 በፕሊማውዝ 5 ሰው በሕጋዊ መሣሪያ ተገድለዋል። መሣሪያዎቹ የአደን ጠመንጃና ረጅም ጠመንጃ ነበሩ። ስለ እነርሱ የሚደረገው ክርክር ገና አላለቀም።

ክልከላው በሰሜን አየርላንድ አልተፈጻሚም። በዚያ የደረሰበት ዛቻ የታወቀ ሰው ራሱን የሚጠብቅበት ሽጉጥ እንዲይዝ ሊፈቀድለት ይችላል፤ በአንድ ዘውድ ሥር ሁለት ፍርሃት፣ ሁለት ሕግ። የብሪታንያ የሽጉጥ ዒላማ ተወዳዳሪዎች በበኩላቸው ልምምዳቸውን ወደ ውጭ አገር፣ ለምሳሌ ወደ ስዊዘርላንድ፣ አዛወሩ። በ2002 የኮመንዌልዝ ጨዋታ በማንቸስተር፣ በ2012 ኦሊምፒክ በለንደን ሲደረግ መንግሥት ሽጉጡ ወደ አገር እንዲገባ ልዩ ፈቃድ ሰጠ።