ጥላሁን የተሸነፈበት ምርጫ

ጥላሁን ግዛው መጀመሪያ የተወዳደረ ጊዜ ተሸንፏል። ይሄን የሚያስታውስ ሰው ብዙ የለም። ስሙን የምናውቀው በአሟሟቱ ነው፤ በዚያች የታኅሣሥ ሌሊትና በማግስቱ ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ በፈሰሰው ደም። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን አንድ ተራ ነገር ነበረ። አንድ ተማሪ ለተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንትነት ተወዳደረ፣ ቀሰቀሰ፣ ድምፅ ተቆጠረ፣ በጠባብ ልዩነት በመኮንን ቢሻው ተበለጠ። ጊዜው የ1961 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ነው። ጥላሁን በዓመቱ ተመልሶ መጣና አሸነፈ።

ይሄን ታሪክ ያነሳሁት በእንጅባራ ምክንያት ነው። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል የጀመረ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ነው። እንደ ሌሎቹ ግቢዎች ሁሉ እዚያም የተማሪዎች ኅብረት አለ፤ ለኅብረቱ ልወዳደር የሚል ልጅም በየዓመቱ አይጠፋም። ተመርጦ እስከ ሴኔት ቢደርስ፣ ዶክተሮችና ዲኖች በተሰበሰቡበት ጠረጴዛ ዙሪያ ምናልባት ከሁሉም በዕድሜ የሚያንሰው እሱ ይሆናል። ጓደኞቹ ታዲያ የሚጠይቁት ያው ነው፦ «ገብተህ ምን ልታመጣ ነው? ሽሮው ይወፍራል?» ጥያቄው ቀልድ ይመስላል። ለእኔ ግን ከሰባ ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ እስካሁንም በደንብ ያልተመለሰ ጥያቄ ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ኃላፊው ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። ተማሪው ጥቂት ነው፤ በንጉሡ ወጪ ይማራል፣ ግቢ ውስጥ ያድራል፣ ይበላል። እንደ ልጅ የሚታይ ሰው «ወኪሌን እኔ ልምረጥ» ሲል ደግሞ አባት ቅር ይለዋል። ነገሩ መለወጥ የጀመረው ከ1951 ዓ.ም. ወዲህ ይመስለኛል። ንጉሡ በሰጡት የነፃ ትምህርት ዕድል ከኬንያ፣ ከናይጄሪያ፣ ከታንጋኒካና ከሌሎችም አገሮች የአፍሪካ ተማሪዎች መጡ። እነዚህ ልጆች አገራቸው ከቅኝ ግዛት ልትወጣ ስትታገል ያደጉ ናቸው፤ ማኅበር ማቋቋም፣ ፓርቲ መደገፍ፣ አደባባይ ቆሞ መከራከር ብርቃቸው አልነበረም። የእኛዎቹ ደግሞ «የሦስት ሺህ ዓመት ነፃነት» ይዘው የግቢ ጋዜጣ እንኳ እንደልባቸው ማተም አይችሉም። ይሄ ንጽጽር ሳያሳፍር አልቀረም።

ከዚያ የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት መጣ። ተማሪው የእነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይን ወገን ደግፎ ሰልፍ ወጣ፤ ሙከራው ከሸፈ። በዓመቱ ንጉሡ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። የዛሬው ስድስት ኪሎ ማለት ነው። ቤተ መንግሥቱን መስጠት ትልቅ ስጦታ ነው፤ ግን ተማሪውን መልሶ ልጅ አላደረገውም። በኮሌጅ ቀን የሚነበቡት ግጥሞች እየመረሩ ሲሄዱ የአዳሪነቱ ሥርዓት ቀረ። ልጁ ከግቢ ወጥቶ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራየ፣ ከድሃው ጎን ኖረ። ዝም ይላል ብለው ከሆነ ስሌቱ ስህተት ነበር።

የካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ተብሎ ሰልፍ ተወጣ። በየኮሌጁ ተበታትኖ የነበረው የተማሪ አደረጃጀት ቀስ በቀስ ወደ አንድ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር መጣ፤ በእንግሊዝኛ ምሕፃሩ ዩሱአ ይሉታል። «ስትራግል» የሚባል መጽሔትም ነበረው። እንግዲህ የፕሬዚዳንትነቱ ወንበር ክብደት ያገኘው እዚህ ላይ ነው። ወንበሩን የያዘ ሰው ስለ ሽሮ ብቻ ሳይሆን ስለ አገር ይናገራል ማለት ነው።

እዚህ ጋ ትንሽ ቆም ልበልና ስለ ጎጃም አንድ ነገር ላንሳ። የዛሬው አዊ ያኔ አገው ምድር አውራጃ ነበር፤ ዋና ከተማው ዳንግላ፣ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ሥር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ በብዙ ቦታ አመፀ። የደቡቡ ጭሰኛ መሬት የለውም፤ የጎጃሙ ገበሬ ግን ርስት አለው፤ የፈራው ግብሩ ርስቱን መቀሚያ መንገድ እንዳይሆን ነው። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ሳይቀር ላከ፤ በመጨረሻ ንጉሡ አገረ ገዥውን ደጃዝማች ጸሐዩ እንቁሥላሴን አነሱ፣ የተጠራቀመውን ግብርም ማሩ። «መሬት ለአራሹ» ለዚህ ገበሬ ምን ይለዋል? መሬቱማ የሱ ነው! ስድስት ኪሎ ያለው ተማሪ ስለ ገበሬው ሲጮህ የትኛውን ገበሬ እንደሆነ ሁልጊዜ የለየ አይመስለኝም። ወኪል ነኝ ማለት እንዲህ ይከብዳል።

ወደ ምርጫው እንመለስ። ጥላሁን የማይጨው ልጅ ነው፣ የመኳንንት ዘር። እህቱ ልዕልት ሣራ ግዛው የንጉሡን ልጅ የልዑል መኮንንን ባለቤት ነበሩ፤ ማለትም ከቤተ መንግሥቱ ጋር ጋብቻ ያለው ሰው ነው ቤተ መንግሥቱን ሊቃወም የተነሳው። በ1961ዱ ምርጫ ሲሸነፍ ምክንያቱን ከትግሬነቱ ጋር ያያያዙ ነበሩ። ልብ በሉ፣ ይሄ ሁሉ «ተራማጅ ነን» በሚሉ ተማሪዎች መካከል ነው። ዛሬ በየግቢው የኅብረት ምርጫ ሲደርስ «እሱ ከየት ነው?» የሚለው ሹክሹክታ ትናንት የተፈጠረ የሚመስለው ካለ፣ ተሳስቷል።

በ1962 ዓ.ም. መጀመሪያ ጥላሁን ተመረጠ። በዚያው ሰሞን፣ ኅዳር 8 ቀን፣ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪው ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው አጭር ጽሑፍ «ስትራግል» ላይ ወጣ። ጥቂት ገጾች ናቸው፤ ክርክሩ ግን እስከ ዛሬ አላለቀም። ዋለልኝ ራሱ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ አውሮፕላን ሊጠልፉ ሲሞክሩ ከእነ ማርታ መብራህቱ ጋር ተገደለ።

ጥላሁን ወንበሩ ላይ የቆየው ለሳምንታት ነው። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ማታ ከግቢው ብዙም ሳይርቅ በጥይት ተመታ። በማግስቱ ተማሪዎች አስከሬኑን ከሆስፒታል አምጥተው ግቢ ውስጥ ሲያለቅሱ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ገቡና ተኮሱ። ሌሎችም ወደቁ። የተማሪ ማኅበር ፕሬዚዳንትነት ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ሆነ፤ ወንበሩን የሚመኝ ሰው የሚመኘው ምን እንደሆነ አወቀ። ማኅበሩም ከማኅበርነት ይልቅ ወደ ድብቅ ድርጅትነት እያዘነበለ ሄደ። እኔ ትልቁ ጉዳት ይሄ ነው እላለሁ። ተወዳድሮ መሸነፍ፣ በዓመቱ ተመልሶ መሞከር የሚባለው ነገር ገና ሳይለመድ ተቀጨ። ከዚያ በኋላ በመጣው የድርጅት ፖለቲካ የተሸነፈ ሰው «የሚቀጥለው ዓመት እንገናኝ» አይልም፤ ወይ ይገድላል ወይ ይገደላል። ቀይ ሽብርን ያየ ያውቀዋል።

ደርግ በ1967 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲውን ዘግቶ ተማሪውን ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ላከ። ነፃ የሚባል የተማሪ ማኅበር ወሬው ጠፋ። ኢሕአዴግ ሲገባ ተስፋ የመሰለ ነገር ነበረ፤ ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ዓ.ም. ግን የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ቡትሮስ ጋሊ ሲመጡ በኤርትራ ሪፈረንደም ጉዳይ የወጣው የተማሪ ሰልፍ በጥይት ተበተነ። በዚያው ዓመት ከአርባ በላይ መምህራን ከዩኒቨርሲቲው ተባረሩ።

ሚያዝያ 1993 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጥያቄ አነሱ። የጠየቁትን ስታዩት ያስገርማል። ጋዜጣችን ይታተም፣ ዩኒፎርም የለበሰ ፖሊስ ከግቢ ይውጣ፣ የተማሪ ምክር ቤታችን በነፃነት ይሥራ። መንግሥት ይውረድ አላሉም። ነገሩ ከግቢ ወጥቶ ከተማውን አዳረሰና ከሠላሳ በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎች ታሰሩ፣ ወደ ኬንያ የተሰደዱም ነበሩ። በማት ዘመን የነበረው የጋዜጣና የወኪል ጥያቄ ከሃምሳ ዓመት በኋላም ያው ነበር ማለት ነው።

አሁን እንጅባራ ያለው ተወዳዳሪ ይሄን ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚቆመው፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም። መራጩን የመደበው ሚኒስቴር ነው፤ አንዱ ከቻግኒ፣ አንዷ ከወሎ፣ ሌላው ከደቡብ ይመጣና አንድ ዶርም ያድራሉ። የእንጅባራ ብርድ ለሁሉም እኩል ነው፤ ውሃ ሲጠፋም ለሁሉም ይጠፋል። ስለዚህ «ሽሮው ይወፍራል?» የሚለውን አልንቅም። ሽሮውም፣ ውሃውም፣ ውጤት ላይ የሚቀርብ አቤቱታም ተራ ጉዳይ ነው፤ በተራ ጉዳይ ተወክሎ የማያውቅ ሰው በአገር ጉዳይ እወከላለሁ ብሎ እንዴት ያምናል? ችግሩ የሚመጣው ተመራጩ ሴኔት ገብቶ የሰማውን ይዞ ወደ ዶርም ሳይመለስ ሲቀር፣ የተማሪውን ቃል ወደ ላይ ከማድረስ ይልቅ የላዩን ቃል ወደ ታች ማውረድ ሥራው ሲሆን ነው። ተማሪው ያን ጊዜ ኅብረቱን «የእነሱ» ይለዋል፣ በሚቀጥለው ምርጫም አይወጣም።

መኮንን ቢሻውን ዛሬ ግቢ ውስጥ ስሙን የሚያነሳ አታገኙም። እኔ ግን ስለዚያ የ1961 ቆጠራ ሳስብ ሁለቱም ይታዩኛል። አንዱ በጥቂት ድምፅ አሸነፈ፣ ሌላው ተሸንፎ ወደ ክፍሉ ተመለሰ፣ ዓመቱን ቆጥሮም እንደገና ተመዘገበ።