እንቁጣጣሽ በወረቀት ላይ
እንቁጣጣሽ የዘመን መለወጫው ስም ብቻ አይደለም፤ ወንዶች ልጆች ወረቀት ላይ ሥለው መስከረም 1 ማለዳ በየቤቱ የሚያድሉት ሥዕልም እንቁጣጣሽ ይባላል። ኩታበር ልጆች ሳለን ወረቀቱን ከደብተራችን መሐል እንገነጥል ነበር፤ ጥንዱ ቅጠል ሲታጠፍ ራሱ ፖስትካርድ ነው። ቀለም ካጠረን አደይ አበባ አሽተን ቢጫ፣ ቅጠል አሽተን አረንጓዴ እናወጣለን።

ለመሆኑ በምላሹ የሚሰጠው ሳንቲም ዋጋ ነው ወይስ ምርቃት? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሽያጭንና ስጦታን ለይቶ ደንግጓል፤ ይኼኛው ግን ከሁለቱም ይሾልካል።

ዛሬ የታተመ ሥዕል ከሱቅ ገዝተው የሚያዞሩ ልጆች በዝተዋል። የታተመው ያምራል፤ ልጁ ጳጉሜን ሙሉ ወረቀቱ ላይ ተደፍቶ ቀለም የሚቀባበትን ደስታ ግን ያስቀርበታል። እኔ ፀሐይዋን አጣሞም ቢሆን በእጁ ለሣለው ጨመር አድርጌ እሰጣለሁ።