ዓሣ ላይ የሚወጣው ነጭ ጥጥ ምንድን ነው?

አኳሪየም ያላችሁ አንድ ቀን ጠዋት ዓሣው ጎን ወይም ክንፍ ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ታዩ ይሆናል። ብዙ ሰው ወዲያው መድኃኒት ፍለጋ ይሮጣል። እኛ ግን መጀመሪያ ውኃውን እዩ እንላለን።

ጥጥ መሳዩ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ሳፕሮሌግኒያ የሚባል የውኃ ሻጋታ ነው። በልማድ ፈንገስ ይባል እንጂ በሳይንሱ ምደባ ከእውነተኞቹ ፈንገሶች ይልቅ ለቡናማ የባሕር አልጌዎች ይቀርባል። ለፈንገስ የተሠራ መድኃኒት ሁሉ የማይበግረውም አንዱ ለዚህ ነው።

የሻጋታው ስፖሮች ውኃ ውስጥ ይዋኛሉ። ያው ውኃ እየተጣራ በሚዞርበት ገንዳ ውስጥ ደግሞ እነሱም አብረው ይዞራሉ። እውነተኞቹ ፈንገሶችም በቱቦው፣ በጠጠሩና በፊልተሩ ስፖንጅ ላይ ከባክቴሪያ ጋር የሚያዳልጥ ሽፋን ሠርተው ይኖራሉ፤ የተረፈ ምግብና የሞተ ነገር ያበሰብሳሉ። ይሄ በራሱ በሽታ አይደለም። ጤነኛ ዓሣ ቆዳውን የሚሸፍነው ዝልግልግ ነገር ይከላከልለታል። ችግሩ የሚመጣው ይህ ሽፋን ሲላጥ ነው፦ መረብ ሲቧጭረው፣ ዓሦቹ ሲነካከሱ፣ ውኃው በድንገት ሲቀዘቅዝ ወይም አሞኒያ ሲበዛ። እንቁላል ላይ ደግሞ መጀመሪያ የሞተውን ይይዝና ወደ ሕያዉ ይሻገራል።

ታዲያ ብዙ ዓሣ የሚገድለው ስህተት የትኛው ነው? ተደናግጦ ፊልተሩን በቧንቧ ውኃ ሙልጭ አድርጎ ማጠብ! አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች የሚኖሩት እዚያው ስፖንጅ ላይ ነው። ክሎሪኑ እነሱን ሲገድል አሞኒያው ይጨምራል፣ የዓሣው መተንፈሻ ይቃጠላል፣ ሻጋታውም ተመልሶ ይመጣል። አዲስ ገንዳ እነዚህን ባክቴሪያዎች ለማፍራት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅበታል። ስፖንጁን ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ለቅለቅ ማድረግ ይበቃል።

የታመመውን ለዩት፣ የተረፈውን ምግብ አውጡ፣ የውኃውን ሩብ ያህል ሙቀቱ እኩል በሆነና ክሎሪኑ በወጣለት ውኃ ቀይሩ። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ መሆን አለባቸው። የአልትራቫዮሌት መብራት የሚገድለው በሥሩ የሚያልፈውን ስፖር ብቻ ነው፤ ዓሣው ላይ የተተከለውን አይነካም። ማላካይት ግሪን የሚባለው የድሮ መድኃኒት ለሻጋታው ፍቱን ቢሆንም መርዛማ ስለሆነ በአውሮፓ ኅብረትና በአሜሪካ ለሰው ምግብ በሚውል ዓሣ ላይ አይፈቀድም።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ነጩ ነገር አፉ አካባቢ ከሆነና ዓሣው በአንድ ሁለት ቀን ከደከመ፣ ሻጋታ ሳይሆን ኮለምናሪስ የሚባል የባክቴሪያ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ የእሱ ሕክምና ሌላ ነው።